ጭራው ላይ እጄን ይዞ አስተምሮ ሞተሩ ጋ ስደርስ የለቀቀኝ የአውሮፕላን ኪት

እሺ፣ ብዙ ሰው "ኪቱ እንዴት ነው? ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?" እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ረዘም አድርጌ ጽፌው ልገላገል። የማወራው ስለ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ሙሉ ለሙሉ አልሙኒየም የሆነ፣ ሪቬት በሚባሉ ተመትተው በሚደፈጠጡ ትንንሽ ሚስማሮች ስለሚገጣጠም ትንሽ አውሮፕላን ነው። ጋራዤ ውስጥ ስድስት አመት ከምናምን ፈጀብኝ፣ ደብተሬ ላይ የመዘገብኩት የስራ ሰዓት 2,140 ነው፣ አሁን ደሞ 63 ሰዓት በርሬባታለሁ፣ ስለዚ ሳጥኑን ከፍቼ አይቼ ብቻ አይደለም የምጽፈው። የኩባንያውን ስም አልጠራም፣ የማማርርበት ነገር ስላለኝ ወሬው ወደ ስም ማጥፋት እንዳይሄድብኝ። ታዋቂው የአሜሪካ ኪት ሻጭ ቫንስ ነው ወይ ምትሉ ካላችሁ፣ አይደለም። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ የጎደለችው አንዷ ኮከብ ግን ቀላል ኮከብ አይደለችም፣ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ኪት ሲባል ምን እንደሆነ እንግባባ። ሰው የሚመስለው እንደ ልጆች መገጣጠሚያ ሁሉም ነገር ሳጥኑ ውስጥ አለ ነው። የለም። የሚሸጠው በየክፍሉ ነው፣ መጀመሪያ ጭራው፣ ከዛ ክንፎቹ፣ ከዛ ቦዲው፣ በመጨረሻ ደሞ ማጠናቀቂያ የሚሉት ካኖፒውን (ከኮክፒቱ በላይ ያለውን መስታወት መሳይ ክዳን)፣ የማረፊያ እግሮቹን፣ የሞተሩን ኮፈን ምናምን የያዘው ይመጣል። ሞተር የለም። ፕሮፔለር የለም። ሬድዮና የኮክፒት እስክሪኖች የሉም፣ ቀለም የለም፣ የወንበር ልብስ የለም፣ መስሪያ እቃ ሚባል ነገር አንዲት ካቻቢቴ እንኳን የለችም። መጨረሻ ላይ ደረሰኞቹን ቁጭ ብዬ ስደምር አራቱም ኪቶች ተደምረው ካወጣሁት ብር ግማሹን አይሞሉም፣ ድምሩን ለባለቤቴ እስካሁን አላሳየኋትም። በየክፍሉ መሸጡ ግን ጥሩ ጎን አለው፣ ጭራውን ብቻ ገዝተህ ሞክረህ ካልሆነልህ የከሰርከው ጭራ ብቻ ነው። ጭራ ሰርቶ ያቆመ ሰው ደሞ ብዙ ነው፣ ጥቅም ላይ ያልዋለ የአውሮፕላን ጭራ ሁሌም የሚሸጥ አይጠፋም፣ አንዳንዶቹ በጣም ንጹህ ስራ ናቸው፣ ያሳዝናሉ።

ሳጥኑ የመጣ ቀን ደስታዬን አልነግራችሁም፣ ግን የመጀመሪያው ስራ መቁጠር ነው። እያንዳንዱን ላሜራ፣ እያንዳንዱን ቅንፍ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ከረጢቶች ውስጥ ያሉትን ብሎኖችና ሪቬቶች ከዝርዝሩ ጋር ታመሳክራለህ። ሪቬቶቹን አንድ በአንድ ልቆጥር ስል አንድ ከዚህ በፊት የሰራ ሰው ሳቀብኝ፣ በሚዛን መዝናቸው አለኝ፣ አስር መዝነህ ታባዛለህ በቃ። ከጭራው ሳጥን ሁለት ቅንፍ ጎደለ፣ ከክንፉ አንድ ሪብ (ለክንፉ ቅርጽ የሚሰጠው የውስጥ አጥንት) ተጣሞ መጣ፣ ፎቶ ልኬላቸው ያለ ምንም ክርክር ተክተው ላኩልኝ። አስተሻሸጉ ላይ የምለው የለኝም፣ ረጅሙ የክንፍ ላሜራ አንድ ጭረት ሳይኖረው ነው የደረሰው።

አሁን ወደ ብረቱ። እዚህ ጋ ለምስጋና ቃል ያጥረኛል። ላሜራው 2024 ቲ3 የሚባለው ከመዳብ ጋር የተቀላቀለ አልሙኒየም ነው፣ ላዩ ላይ ዝገት እንዳይበላው ስስ የንጹህ አልሙኒየም ሽፋን አለው፣ አብዛኛው ቦታ ውፍረቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ዋናው ነገር ግን ቀዳዳዎቹ ናቸው። ቀዳዳዎቹ ፋብሪካ ውስጥ በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማሽን ተበስተው ነው የሚመጡት፣ እና የላሜራው ቀዳዳ ከስሩ ካለው ሪብ ቀዳዳ ጋር ከገጠመ ክንፉ ቀጥ ያለ ነው ማለት ነው፣ ሌላ መለኪያ አያስፈልግም። ድሮ የሚሰሩት ሰዎች እኮ ክንፉ እንዳይጣመም መጀመሪያ ከብረት ወይ ከእንጨት ትልቅ ማቀፊያ ይሰሩ ነበር፣ ከዛ በገመድና በውሃ ልክ ሲለኩ ይከርማሉ። እኔ የሰራሁት ሁለት ጠረጴዛ ላይ ነው። ክንፉን ጨርሼ መጣመሙን ስለካ አይኔን አላመንኩም፣ ከሚፈቀደው በታች ነበር፣ እሱ የኔ ጉብዝና ሳይሆን የማሽኑ ነው።

ግን "ተበስቶ ይመጣል" ሲሉህ ስራ የለም ማለት እንዳይመስልህ። በኔ ኪት ቀዳዳዎቹ ከመጨረሻ ልካቸው ትንሽ ጠበብ ብለው ነው የሚመጡት። ሁሉንም ክፍል ክሌኮ በሚባሉ ሞላ ባላቸው ጊዜያዊ መያዣዎች አስረህ ታቆማለህ፣ ብርማዎቹ ለ2.4 ሚሊሜትር ቀዳዳ፣ መዳብ የሚመስሉት ለ3.2፣ በመቶዎች ነው የሚያስፈልጉህ፣ እኔ በ200 ጀምሬ 600 ገባሁ። ከዛ ቀዳዳውን በሙሉ በፑንታ ወደ ልኩ ታሰፋለህ። ከዛ ሁሉንም ትፈታለህ። ከዛ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ሁለቱንም ጠርዝ ትሞርዳለህ፣ የላሜራውንም ዳርና ዳር፣ ምክንያቱም የሻከረ ጠርዝ የስንጥቅ መጀመሪያ ነው፣ በንዝረት ቀስ እያለ ይሄዳል። ከዛ ሪቬቱ ከላዩ ጋር እኩል እንዲሆን ቀዳዳውን በቅርጽ ማውጫ ትጫነዋለህ፣ ከዛ ታጸዳለህ፣ ፕራይመር ትቀባለህ፣ እንደገና ታስራለህ፣ ከዛ ነው ሪቬት ምትመታው። ማለት አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ነው ምትሰራው። ማስታወቂያው ላይ የሚያሳዩት የመጨረሻውን ብቻ ነው፣ ብልጦች።

ሪቬት መምታት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከፊት በአየር የሚሰራ መምቻ ትይዛለህ፣ ከኋላ ደሞ ሌላ ሰው ከባድ የተለሰለሰ ብረት ደግፎ ይይዛል፣ መምቻው ጭንቅላቱን ሲመታው ጭራው በብረቱ ላይ ይደፈጠጣል። ትክክለኛው ድፍጥጥ ስፋቱ የሪቬቱን ውፍረት አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቁመቱ ግማሹን መሆን አለበት፣ ስለዚ 3.2ቷ ሪቬት ወደ 4.8 ሰፍታ 1.6 ትቀራለች። መለኪያ ይዘህ ትጀምራለህ፣ ከሁለት ወር በኋላ በአይንህ ታውቃታለህ። እኔና ባለቤቴ በላሜራው ወዲህና ወዲያ ሆነን፣ ቃል በቃል ሆድና ጀርባ ሆነን ነው የመታነው፣ ጆሯችን ስለሚታፈን ሶስት ቃል ብቻ ነበር ያለን፦ "ያዝኩ"፣ "ምታ"፣ "ድገም"። አራተኛ ቃል በኋላ እሷ ጨመረች፣ "ተው!" የሚል፣ እሱ ብዙ ቦታ አገልግሏል። ኪቱን ምትገዙ ሰዎች ካላችሁ ከምንም በፊት እዛ ማዶ ብረቱን የሚይዝ ሰው እንዳላችሁ አረጋግጡ፣ ብቻህን መድረስ የማትችልበት ቦታ ይመጣል። ማኑዋሉ ይቺን በአንድ መስመር ነው ያለፋት።

የተበላሸ ሪቬትን ማውጣት ደሞ ከመምታቱ ይከብዳል። ጭንቅላቱን መሃል ለመሃል በስተህ ቆርጠህ ግንዱን ማውጣት ነው፣ ፑንታው ትንሽ ካፈነገጠ ቀዳዳው ይሞላለላል፣ ከዛ ተለቅ ያለ ሪቬት ትፈልጋለህ። መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ የተንጋደደች ሁሉ አላስተኛ እያለችኝ አወጣ ነበር፣ እያወጣሁ ደህናውን ቀዳዳ አበላሽ ነበር። ስልክ ስደውል የኩባንያው ቴክኒሻን "ፎቶ ላክ" አለኝ፣ አየውና "ተዋት፣ ካንተ የባሰ አይቻለሁ" ብሎ ዘጋ። ያቺ መልስ ቢያንስ አንድ መቶ ሪቬት አድናልኛለች።

የነዳጅ ታንኮቹ ክንፉ ውስጥ ናቸው፣ ክንፉ ራሱ ነው ታንኩ ማለት ይቻላል፣ ስለዚ እያንዳንዱ ሪቬትና መጋጠሚያ በማሸጊያ መለሰን አለበት። ማሸጊያው ሁለት አይነት ነገር በሚዛን ተመዝኖ የሚቀላቀል ጥቁር ሙጫ ነው፣ ይሸታል፣ የነካውን አይለቅም፣ እኔ አሁንም የበር እጀታው ላይ የጣት አሻራዬ አለ። ከደረቀ በኋላ የሚያፈስ መሆኑን ምትፈትሸው ቀዳዳዎቹን ደፍነህ አንዱ ላይ ፊኛ አስረህ ትንሽ አየር ሞልተህ የሳሙና ውሃ በመቀባት ነው። ማታ ጥሩ ተነፍቶ የተውኩት ፊኛ ጠዋት ሟሽሾ አገኘሁት። ልቤ ቀጥ አለ። ሙሉ ቀን በሳሙና ስፈልግ ዋልኩ፣ አንድ አረፋ የለም። ከሰዓት ጋራዡ ሲሞቅ ፊኛው ተመልሶ ተነፋ! ለካ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ስለሚሸበሸብ ነው። ይቺን ማኑዋሉ ላይ ጽፈው ቢሆን አንድ ቀን ከነ ድንጋጤው ይቀርልኝ ነበር።

ቦዲው አልጋ በአልጋ ነው፣ ብዙ ምለው የለኝም፣ ከተከፈተ ታንኳ ወደ አውሮፕላን ሲቀየር ማየት ብቻ ደስ ይላል። ካኖፒው ላይ ግን ጸሎት ያስፈልጋል። አክሪሊክ ነው፣ በቀዝቃዛ ቀን ከቆረጥከው ወይ በተራ ፑንታ ከበሳኸው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ከጀመረ ደሞ መሄዱን አይተውም። ለፕላስቲክ የተሳለ ፑንታ ግዙ፣ ጋራዡን አሙቁት፣ ከስሩ እንጨት ደግፉለት። እኔ ይሄን ሁሉ አድርጌ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ብሎኑን ትንሽ አጥብቄው ጠብ አለ። የመጨረሻው! ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስቼ አስቆምኩት፣ እስካሁን እዛው ነው፣ ስበር በግራ አይኔ አየዋለሁ።

አሁን ወደ ጎደለችው ኮከብ። የጭራው ማኑዋል ከ80 ገጽ በላይ ነው፣ እያንዳንዱ ሪቬት ስንት ቁጥር እንደሆነ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚመታ፣ የትኛው ባዶ መተው እንዳለበት ሁሉ በስዕል እየመራ ይነግርሃል፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አይጻፍም። ክንፉ ላይ ትንሽ ያሳጥራል፣ ደህና፣ ተምረሃል ተብሎ ነው። ቦዲው ላይ "ከዚህ በፊት እንዳደረከው" የሚል ነገር ይበዛል። ሞተሩ ጋ ስትደርስ 9 ገጽ። ዘጠኝ! አብዛኛው ደሞ ጽሁፍ የሌለው ስዕል ነው። የሞተሩ ክፍል የእንጀራ ልጅ ነው የሆነባቸው። አንድ አውሮፕላን ላይ እሳት፣ ነዳጅ፣ ዘይትና ኤሌክትሪክ አንድ ጠባብ ቦታ ውስጥ ተጠጋግተው የሚገኙት ሞተሩን ከኮክፒቱ ከሚለየው ግድግዳ፣ ከፋየርዎሉ ፊት ነው፣ ጭራው ላይ ያለች ሪቬት ብትንጋደድ የሚሆነው ነገር የለም፣ እዚህ ግን አንድ ቱቦ በተሳሳተ መንገድ ቢያልፍ ሌላ ታሪክ ነው። ማብራሪያው መብዛት ያለበት በተቃራኒው ነበር።

ምን ሆነ መሰላችሁ። ሞተሬ ላይኮሚንግ ኦ-320 ነው፣ አራት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ የነዳጅ ፓምፑ ከኋላ ነው ካርቡራቶሩ ከስር። ከፓምፑ ወደ ካርቡራቶሩ የምትሄደውን ቱቦ ስዕሉ ላይ እንደገባኝ አሳለፍኳት፣ ሙቀት መከላከያ ልብስ አልብሻት፣ በቅንፍ አስሬ፣ ጨረስኩ ብዬ። ሞተሩን ሁለት ጊዜ ለአጭር አጭር ደቂቃ አስነሳሁት። ከዛ ሁለት አውሮፕላን ሰርቶ የጨረሰ ጓደኛዬ መጣና ኮፈኑን አንስተን በእጅ ባትሪ ሲያይ ዝም አለ፣ እሱ ደሞ ዝም ማይል ሰው ነው። ቱቦዋ ከማርሚታው ሁለት ጣት አትርቅም፣ መከላከያ ልብሷ በአንድ ጎን ቡናማ ሆኗል። በሁለት አጭር ማስነሳት! አንድ ሰዓት ብበር ምን ይሆን እንደነበር ላስብ አልፈልግም። ስዕሉን መልሼ ሳየው ቱቦዋ በሌላው ጎን ነው የምታልፈው፣ ግን ስዕሉ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ማርሚታው ከፊት ይሁን ከኋላ መለየት አይቻልም። አንድ መስመር ነበር የሚበቃው፣ "ከማርሚታው ይህን ያህል ይራቅ" የሚል። ለኩባንያው ከነፎቶው ጻፍኩላቸው፣ በሁለት ቀን ውስጥ በትህትና መለሱልኝ፣ ስዕሉ ትክክል ነው አሉኝ። ትክክል ነው እኮ፣ እኔ መች ትክክል አይደለም አልኩ።

"ሞተር ማታውቅ ከሆነ ለምን ገባህበት" ምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ መካኒክ አይደለሁም፣ ኪቱ ግን የሚሸጠው ለመካኒክ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ በዚህ ምድብ ለመመዝገብ ከግማሽ በላይ የሆነውን ስራ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው አማተሮች የሰሩት መሆን አለበት፣ ህጉ ራሱ የሚያስበው ተማሪ ሰውን ነው። ደሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2012 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ሰራሽ አውሮፕላኖች ባወጣው ጥናት አደጋዎቹ ላይ ጎልተው የወጡት የሞተር ክፍል ብልሽትና አውሮፕላኑን መቆጣጠር አለመቻል ናቸው፣ ብዙዎቹም በመጀመሪያዎቹ በረራዎች አካባቢ ነው የደረሱት። ጭራ ተገንጥሎ አይደለም። ስለዚ 80 ገጹ የትኛው ጋ መሆን እንደነበረበት እናንተው ፍረዱ።

ሰዓቱንም ልናገር። ብሮሹሩ ላይ 1,400 ይላል። ባለቤቴ የያዘችበትን ሰዓት ሳልቆጥር ነው 2,140 የገባሁት፣ ከዛ ውስጥ ወደ 500 የሚሆነው ከፋየርዎሉ ፊት ያለው የሞተሩ ስራ ነው፣ ግማሹ ደሞ ስዕል አፍጥጦ ማየት። ክብደቱም እንደዛው፣ 480 ኪሎ አሉ፣ ሶስቱን ጎማ ሶስት ሚዛን ላይ አቁሜ ስመዝናት 509 መጣች። ይሄኛውን ግን በነሱ አልፈርድም፣ ቀለሙን፣ ምንጣፉን፣ ሁለተኛውን እስክሪን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የስበት ማዕከሏ በልኩ ውስጥ ነው የወደቀው፣ እሱ ነው ዋናው።

ሌላ ማንም የማይነግራችሁ ነገር፣ አዲስ ሞተር ሲኖራችሁ መሬት ላይ እያስነሳችሁ መጫወት አይቻልም። ፒስተን ቀለበቶቹ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በደንብ እንዲላመዱ መጀመሪያ ላይ በከፍተኛ ጉልበት ነው መሰራት ያለበት፣ መሬት ላይ በዝቅተኛ ጉልበት ረጅም ጊዜ ካስነሳኸው ግድግዳው ያብለጨልጭና ከዛ በኋላ ዘይት ሲጠጣ ይኖራል። ስለዚ ስድስት አመት የጠበቅከውን ሞተር አስነስተህ ቶሎ ማጥፋት ነው። ስቃይ ነው። የመጀመሪያው በረራም እንደዛው፣ ዘና ብለህ ሳይሆን ጉልበቱን ከፍ አድርገህ ሙቀቱን እያየህ ከሜዳው በላይ መዞር ብቻ ነው።

እኔ ከዛ በፊት ተመሳሳይ ሞዴል ላይ ከአስተማሪ ጋር 6 ሰዓት በርሬያለሁ፣ ይሄን አትዝለሉ፣ ብር ካጠራችሁ የኮክፒቱን ሁለተኛ እስክሪን ዝለሉ። በረረች፣ ቀጥ ብላ በረረች፣ የግራ ክንፏ ትንሽ ከበድ ይል ነበር፣ የኤለሮኑን (ክንፉ ጫፍ አካባቢ ከኋላ ያለውን ተንቀሳቃሽ ክፍል) የኋላ ጠርዝ በጣም በትንሹ በመጭመቅ አስተካከልነው፣ ይሄ ለብረት ክንፍ የተለመደ ነው። መሪዋ ለስላሳ ነው፣ በሁለት ጣት ትታዘዛለች፣ ስታርፍም አታስጨንቅም። አበራረሯ ላይ አምስት ኮከብ ነው፣ ክርክር የለውም።

ሌላ ኪት ልግዛ ወይ ለሚል፣ እኔ ፋይበርግላሱን አስቤበት ነበር፣ አሜሪካዊው የአውሮፕላን ዲዛይነር በርት ሩታን ሰርቶት በ1975 እ.ኤ.አ. ከበረረው ቫሪኢዝ ጀምሮ ያለው በፎምና በፋይበርግላስ የሚሰራው አይነት ቅርጹ ያምራል፣ ግን ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው ስራው በሙሉ፣ አቧራውም ቤት ውስጥ ይገባል። በፖፕ ሪቬት የሚሰሩም አሉ፣ ከአንድ ጎን ብቻ ስለሚመቱ ማዶ የሚይዝ ሰው አያስፈልግም፣ ቶሎም ያልቃሉ፣ ብቻህን ከሆንክ እነሱን እይ። ብዙ የተሰራ ሞዴል መግዛትም ጥቅም አለው፣ የቫንስ አርቪዎች ከ11,000 በላይ በረዋል፣ ስትቸገር ቀድሞህ የተቸገረ ሰው አታጣም፣ የኔ ሞዴል ግን ብዙ ስላልሆነ ነው ሞተሩ ላይ ብቻዬን የቀረሁት። እና አደራ ሁሉንም ኪት በአንዴ አትክፈሉ፣ ኪት የሚሸጥ ኩባንያ ሊከስር ይችላል፣ የሚቀጥለውን ክፍል ስትደርሱበት ግዙ። የጋራዡን በርም ለኩ፣ ክንፉ ተነጥሎ ነው የሚወጣው ግን የጭራው አግዳሚ ራሱ ከምትገምቱት ይሰፋል፣ እኛ የበሩን አንድ ጎን ፍሬም ነቅለን ነው ያወጣናት።

የቀረ ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁኝ፣ ማኑዋሉን ሸምድጄዋለሁ፣ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ሁሉ እነግራችኋለሁ። ስለ ነዳጅ ቱቦዋ ከሆነ ግን ፎቶ ነው የምልክላችሁ፣ እሷ ገጽ የላትም።